የጣት ፈለግ ያለበት ቀፎ

ሀብቱ በዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ እየተንፏቀቀ ባላው ጋ ይደርሳል። ገመዱን በባላው ላይ አሳልፎ ሁለቱንም ጫፍ ወደ መሬት ይለቃል። ታች የቆመው መሳፍንት አንዱን ጫፍ ቀፎው ላይ ያስራል፤ ሌላውን ጫፍ በእጁ ይጠቀልላል።

«አያ ሀብቱ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ። ይሰቀል?»

መሳፍንት የጣቢያው ጥበቃ ነው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለው ይህ የዛፍ ጣቢያ በድሮ ጊዜ ከየአገሩ የመጣ ችግኝ የተተከለበት ነው፤ በየግንዱ ላይ የዛፉ ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ ተመትቷል። ዛሬ ቀርከሃ ሠሪዎችና ቀፎ ጠላፊዎች ጥላው ሥር ተቀምጠው ይሠራሉ፣ ጎብኚም መጥቶ ያያቸዋል። ይህ ዋንዛ ግን ቆርቆሮውን ከዋጠ ቆይቷል። ከቅርፊቱ ብቅ ያለችው አንዲት ጥግ ብቻ ናት።

«ማሳያው ዳስ ውስጥ ብናኖረው እኮ ዝናብ አይነካውም። እርስዎም ሲፈልጉ እየመጡ ያዩታል።»

ሀብቱ ቀፎውን ከላይ ሆኖ ያየዋል። እሱስ ይህንኑ ሲያወጣ ሲያወርድ አይደል የሰነበተው? ቀፎውን ከቀርከሃ የጠለፈው እሱ ነው፤ በእበት የለቀለቀችው ሚስቱ ዘውድነሽ ናት። ዘውድነሽ ስትለቀልቅ በመዳፏ አታደላድልም፤ አራት ጣቷን ገጥማ ከአፉ እስከ ጀርባው ትስበዋለች። ሲደርቅ አራት ቀጫጭን ትልም ይቀራል። ይህን ለቅልቃ ከግድግዳው እንዳስደገፈችው ታመመች፣ ክረምቱንም አልወጣችው። ቤቱ ውስጥ የሰፋችውና የፈተለችው ሞልቷል፤ ጣቶቿ የቀሩት ግን እዚህ ላይ ብቻ ነው። ከተሰቀለ ደግሞ የሚመጣው ክረምት አጥቦ ይወስዳቸዋል።

«ንብ ያልገባበት ቀፎ ቅርጫት ነው» ትል የነበረችውም እሷው ናት። መስቀል ጠብቷል፣ አደዩ ፈንድቷል፣ ንቡ ቤት ፍለጋ ወጥቷል።

ሀብቱ መሳፍንትን በአገጩ ምልክት ብቻ «ሳብ» ይለዋል።

ቀፎ ሲሰቀል አይወራም፤ ንብ ጫጫታ ያለበት ቤት አይገባም ይባላል። ስለዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ እሱ ከላይ ዘውድነሽ ከታች ሆነው የሚነጋገሩት በገመዱ ነበር። ቀፎውን አጥብቆ ሲጨርስ ገመዱን ሁለቴ ይነቀንቀው ነበር፤ እሷም ሰምቻለሁ ለማለት አንዴ ሳብ አድርጋ ትለቀው ነበር።

መሳፍንት ደህና ሰው ነው፣ አፉ ግን አያርፍም።

«ኧረ ይኼ ነገር ይከብዳል! አንድ እጅ አያጨበጭብም ያሉት ለዚህ ነው! አያ ሀብቱ፣ ደረሰ?»

ሀብቱ ጥርሱን ይነክሳል። ንዴቱ በመሳፍንት እንዳልሆነ ያውቀዋል። የናፈቀው የዘውድነሽ ዝምታ ነው፤ ቀና ብላ እያየችው ዝም የምትለው።

ቀፎው እየተወዛወዘ ሲደርስለት ጣቢያው በር ላይ የሚኒባስ ጡሩንባ ይሰማል።

«እንግዶቹ መጡ! ገመዱን ግንዱ ላይ ቋጥሬዋለሁ፣ አይዞዎት፣ አይወድቅም!» ይልና መሳፍንት እየሮጠ ይሄዳል።

ከዛፉ ሥር ጫጫታው ይጠፋል። ሀብቱ ቀፎውን ከቅርንጫፉ ጋር በጠፍር ያስረዋል፣ ደግሞ ይደግመዋል። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን በትልሞቹ ውስጥ ለማስገባት ይሞክራል። አይገቡም። የእሱ ጣት ወፍራም ነው።

አንዲት ንብ ትመጣለች። ዞር ዞር ብላ ቀፎው ጀርባ ላይ ታርፋለች፣ ትልሙን ይዛ መሄድ ትጀምራለች። ትቆማለች፣ ታሸታለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ሀብቱ ትንፋሹን ውጦ ያያታል። የቀፎው አፍ ጋ ስትደርስ ትልሙ ያልቃል፤ እሷም ትገባለች።

ደስታው ደረቱን ይሞላዋል። እጁ ሳያስበው ገመዱን ይይዝና ሁለቴ ይነቀንቀዋል።

ይጠብቃል። ንቧ ትወጣለች፣ ሌላ ንብ ትመጣለች፣ ከዳሱ በኩል የእንግዶች ሳቅ ይሰማል። ገመዱ ከመዳፉ ሥር እንደተወጠረ ነው።

ገመዱን ለመፍታት ራሱ መውረድ አለበት።