የአረንጓዴዋ መኪና ፍሬን

ሹ-ፌን ጠዋት ጋራዡ ስትደርስ አረንጓዴዋ መኪና እንደገና ቦታዋን ይዛ ቆማለች። ደሟ ፈላ።

ሁዋሊየን ከተማ ውስጥ ከአለቃ ፋን ጋራዥ ሠልጥኖ የወጣ መካኒክ ሥራ አያጣም። እሷም የገባችው ለዚሁ ነበር። ቀን ትሠራለች፣ አመሻሹ ላይ ወደ ማታ ትምህርቷ ትሮጣለች። የደንበኛ ፍሬን ግን አለቃ ፋን አንድም ቀን አላስነኳትም። የእሷ ዕጣ ይህቺ አሮጌ መኪና ብቻ ናት።

«መጫወቻሽ መጣችልሽ!» አለ ዌን-ሎንግ ከአንድ ታክሲ ሥር ሆኖ። የደንበኞቹ ፍሬን ሁሉ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

ጎማውን ፈታች። የፍሬኑ ሸራ አልቋል።

«ባለፈው ወር እኮ ነው የቀየርኩት! ተገትራ የምትውል መኪና ሸራ እንዴት ያልቃል?»

«አንቺ ስትሄጂ ሽማግሌው ያለቀ ሸራ ይገጥምልሻላ። መለማመጃሽ ናታ!»

የኋላ ወንበሩ ላይ የሩዝ ብስኩት ፍርፋሪ ተበትኗል። ጭራሽ እነዌን-ሎንግ መክሰሳቸውንም እዚሁ ነው የሚበሉት ማለት ነው። ይሄም ሌላ ንቀት ነው።

ሥራውን ግን አላበላሸችም፤ እልኸኛ ናት። አዲስ ሸራ ገጠመች፣ የፍሬኑን ዘይት ቀየረች፣ ያጠበቀችውን ብሎን ሁሉ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገችበት። አለቃ ፋን መጥተው ምልክቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኩ። ከዚያ ገብተው ፍሬኑን ደጋግመው ረገጡ። ዌን-ሎንግ የጨረሰውን ታክሲ ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

«አለቃ፣ ከነገ ጀምሮ የደንበኛ መኪና ይስጡኝ። ይቺን ሌላ ሰው ይሥራት።»

«ይቺን ሌላ ሰው አይነካትም።»

«እንግዲያው እኔም አልነካትም! አሻንጉሊት ስፈታና ስገጥም አላረጅም። ቢያምኑኝም ባያምኑኝም መካኒክ ነኝ!»

ቱታዋን አውልቃ ሞተሩ ላይ ወረወረችው። ዌን-ሎንግ ሳቁን ዋጠ።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ትምህርት ቤቶች ዛሬ በጊዜ ለቀዋል። ሹ-ፌን በሩ ጋ ስትደርስ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች በጃንጥላ ሸፍና ገባች። ትንሿ ልጅ የሩዝ ብስኩት ትቆረጥማለች።

«አባዬ፣» አለች ሴትዮዋ ለአለቃ ፋን፣ «ዝናቡ ሳይብስ ተራራውን ወጥተን ቤታችን እንግባ፤ ያቺ ሹ-ፌን የምትላት ልጅ መኪናዬን ጨረሰቻት? ሌላ ሰው በሠራው ፍሬን የልጅ ልጆቼን እንዳትጭኚ ብለኸኛል።»