እዚህ ደርሻለሁ

ቤቴል እንደዚያ ቀን ኮድ መጻፍን ጠልታው አታውቅም።

ቡራዩ ውስጥ ከሥራ ባልደረባዋ ከኡዘይር ጋር የጠፉ ሰዎች የሚፈለጉበት ድረ ገጽ ከፍተዋል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ገጽ አለው፤ ከፎቶው ሥር የሚያውቀው ሰው መልዕክት ይጽፋል። መልዕክት ሲረዝም ገጹ እንዳይዝረከረክ ብላ፣ እስከ መጀመሪያው አራት ነጥብ ብቻ እንዲታይ አድርጋለች።

ሰሞኑን መልዕክቶቹ ጭራሽ አልታይ አሉ። ኮዱ የቱ ጋ እንደሚቆም ለማወቅ የሙያው ሰው የለመደውን አደረገች፤ በየመሃሉ «እዚህ ደርሻለሁ» ብሎ ገጹ ላይ የሚያትም መስመር ጣል ጣል አደረገች። ጥፋቱን አግኝታ አስተካከለችና መስመሮቿን አጥፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ እንደገባች ኦቦ ገርባ ከሱሉልታ ደወሉ። ልጃቸው እዮብ ከእሳቸው ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ወዲህ ሳይደውሉ የዋሉበት ቀን የለም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የእዮቤ ገጽ ላይ ‹እዚህ ደርሻለሁ› ይላል። የት ነው የደረሰው? ጫማዬን አድርጌ ተቀምጫለሁ።»

ቤቴል ገጹን ከፈተች። አዎ፣ ይላል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኦቦ። እሱ አይደለም፤ እኔ ለሥራ የጻፍኩት ነው።»



«እንግዲያው ጫማዬን ላውልቅ?»

«ያውልቁት፣ ኦቦ።»

ስልኩን ዘግታ ኮዱ ላይ ዘመተች። ቃሉን በየፋይሉ ፈለገችው፤ የለም። ገጹን ደጋግማ ከፈተችው፤ አለ። የሌሎቹ ሰዎች ገጾች ንጹሕ ናቸው። ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ።

«አንተ ነህ» አለችው ኡዘይርን። «ሁሌ የምትሞክረው በእዮብ ገጽ ነው።»

«ወላሂ አልነካሁም። ለምን መልዕክቱ የሚቀመጥበትን ቫሪያብል አውጥተሽ አታዪውም? ውስጡ ያለውን ሙሉውን ያሳይሻል።»

«የራሴን ጽሑፍ ነው የማየው? አንድ ሽማግሌ ጫማ አስወልቄያለሁ እኮ! የት እንደደበቅከው ንገረኝና ላጥፋው።»

«ያልደበቅኩትን ከየት ላምጣ?»

ምሳም ሳይበሉ ተነታረኩ። በመጨረሻ ኡዘይር ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ቤቴል ብቻዋን አፍጥጣ ቆየች። ፀሐይ ወደ ገፈርሳ ባሕር ዛፎች ስታዘቀዝቅ፣ ሌላ የምትሞክረው ነገር ስላጣች፣ እያጉረመረመች ቫሪያብሉን ምንም ሳይቆርጥ እንዲያሳያት አዘዘችው።

«እዚህ ደርሻለሁ። ሰበታ መናኸሪያ ነኝ። ለአባባ መደወል ፈርቼ ነው፤ ዛሬ እስከ ቀትር ከመጣ አብሬው እገባለሁ፣ ካልመጣ ግን አልፈለገኝም ብዬ እሄዳለሁ። እዮብ»