ቀይዋ በተን

"ቀይዋን በተን ደብቃት" አለኝ አለቃዬ።

"ከማን ነው የምደብቃት?"

"ከሁሉም... ከእኔ በስተቀር።"

2009 ዓ.ም.፣ ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን።

ድርጅቱን አልጠራም... አለቃዬን ግን አቶ የሺዋስ እንበለው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ። የሠራሁትም የስልክ አፕ ነበር። በየገጠሩ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የክትባት ፍሪጃቸው እንዴት እንደዋለ በየቀኑ የሚልኩበት።

ሁለት በተን ነበረው። አረንጓዴዋ "ደህና ነው"። ቀይዋ "ተበላሽቷል"።

"አቶ የሺዋስ፣ ፍሪጅ ሲበላሽባቸው ታዲያ ምን ይጫኑ?"

"ለእኔ ይደውሉ፣ እኔ እጫናለሁ። ቀይ በቀይ የሆነ ሪፖርት ይዤ እንግዳ ፊት ልቁም እንዴ? አንተ ኮድህን ጻፍ።"

ጻፍኩ... አዎ፣ ጻፍኩ።

ማን ምን እንደሚያይ የምትወስነው አንዲት የኮድ መስመር ናት። ቀይዋ ከሰባ ሰው ስልክ ላይ በአንድ ጠዋት ጠፋች።

ከደባርቅ ወዲያ፣ ደጋው ላይ፣ አበቡ የምትባል ሠራተኛ ነበረች።

ሰኞ ዕለት ፍሪጇ ቀጥ አለ። ክትባቱ ሞቀ። እንዲህ የሞቀ ክትባት ልጅን መውጋት ውሃ እንደ መውጋት ነው...

ዐርብ ደግሞ ስልሳ አራት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ።

ለአቶ የሺዋስ ደወለች።

"ጌታዬ፣ ፍሪጁ ጠፍቷል። እስከ ዐርብ ሌላ ክትባት ላኩልኝ።"

"በአፑ አሳውቂ።"

"አፑ ላይ እኮ 'ደህና ነው' ብቻ ነው ያለው።"

"እንግዲያው ደህና ነው ማለት ነው።"

ስልኩን ዘጋው።

ረቡዕ ዕለት ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ። ካርታው አረንጓዴ በአረንጓዴ...

አቶ የሺዋስ ከረቫቱን አስተካከለ። "ጀግኖቻችንን በስም ላስተዋውቃችሁ" ብሎ ዝርዝሩን ከስክሪኑ ማንበብ ጀመረ።

"ሸዋገነት ነጋ ሰጠኝ..."

"ፍሪጁ... ጠፍቷል... አትከትቡ..."

አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው የገባው።

አበቡ ሁሉም ነገር ሲዘጋባት አንድ ክፍት ቦታ አግኝታ ነበር... አፑ ላይ የራሷን ስም ማስተካከያ።

ስም፦ ፍሪጁ። የአባት ስም፦ ጠፍቷል። የአያት ስም፦ አትከትቡ።

ከእንግዶቹ መካከል ዶክተር ሰሚያ የሚባሉ ሴት ብድግ አሉ።

"አቶ የሺዋስ፣ ይቺን ልጅ አሁኑኑ በስልክ አገናኙኝ።"

በዚያው ቀን አዲስ ክትባት በበረዶ ሣጥን የጫነ መኪና ወጣ። ዐርብ ስልሳ አራቱም ልጆች ተከተቡ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ሸጋ ነበር...

ሐሙስ ጠዋት ግን አቶ የሺዋስ አስጠርቶኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ።

"'ሲስተሙን ሰብራ ገብታለች' ብለህ ፈርም። እሷ ትሄዳለች፣ አንተ ትቀጥላለህ።"

"ምንም አልሰበረችም። የስሙን ቦታ ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።"

"ረስተህ ነው በል።"

"አውቄ ነው።"

ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ስልኬ ላይ አፑን ከፈትኩ። በተኖቹ አንድ በአንድ ጠፍተዋል። የገዛ እጄ ሥራ አላውቅህም አለኝ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ከልክሎኛል። አፑ ላይ አሁን የሌላ ሰው ስም ነው ያለው።

አበቡ ዛሬ ከዚያ ሥራ ወጥታ ነርስነት እየተማረች ነው። ማንም አይነካትም። ስለዚህ እውነቱን ልናገር...

አውቄ አልነበረም።

የስሙን ቦታ መዝጋት ረስቼው ነው።

ቀይዋን በተን ግን አውቄ ነው የደበቅኋት።

የተባረርኩት ባልሠራሁት ነው... በሠራሁት እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ የሰውን መናገሪያ ብትዘጉበት፣ ስሙን አውጥቶ ጥሎ በስሙ ቦታ ይናገራል።

አቶ የሺዋስ፣ ደብዳቤዬን ያዘው። ይህን ጽሑፍ የምትደብቅበት በተን ግን የለህም።

እናንተስ... አለቃ "ደብቅ" ብሏችሁ እጃችሁ የታዘዘለት ቀን የለም? የደበቃችሁት ምን ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉት... እዚህ ገጽ ላይ ማንንም አልደብቅም።