ለጥሩአየሁ የተመረጠች ሽጉጥ

ባሏ ወንድይራድ ከሞተ ወዲህ ጥሩአየሁ ከዋርሳዋ ከገብረ መድኅን በቀር የምትጠጋበት ሰው አልነበራትም። ገብረ መድኅንም ይህን ያውቃል። ከመቱ ገበያ ሲመለስ ጨው ይዞላት ይገባል፤ አጥሯን ያጥርላታል፤ ሰው በተሰበሰበበትም «የወንድሜን ቤት አላፈርስም» ይላል። ከአባታቸው የወረሱት የኖፓው ቡና መሬት ገና በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል አልተከፈለም ነበር።

ወንድይራድ የተገደለው ከኖፓ ወደ መቱ ሲመጣ፣ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ነው። ሬሳውን ያገኙት ቡና ለቃሚዎች ናቸው። ዳኛው ፊት ቀርበው፣ «ቀዌ ጠመንጃውም ዝናሩም የለም፤ ሰውየውን ብቻ ነው ያገኘነው» አሉ። ሲገደል ያየም፣ እንዴት እንደተገደለ የሚያውቅም አልተገኘም። ነገር ግን ከጎረቤቱ ከዳምጤ ጋር በመሬት ድንበር ሲካሰስ መክረሙን አገር ያውቃል። ዳምጤ በአደባባይ «ከዚህ ድንበር የሚያልፍ ነፍሱን የጠላ ነው» ማለቱንም ሰው ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ገዳይ የፈለገ የለም።

በግንቦት የጥሩአየሁ ውሻ በር ላይ ሞቶ አደረ። ረፋዱ ላይ ገብረ መድኅን መጣ።

«ይኸ ዳምጤ አይተውሽም» አላት። «ዝም ማለቱ አያታልልሽ፤ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ። መሣሪያ ያስፈልግሻል።»

«እኔ ጠመንጃ የት አውቄ ጋሼ?»

«ጠመንጃ አላልኩሽም። ከኩታሽ ሥር የምትይዢው ሽጉጥ ነው። ጎሬ ሄደን እንመርጣለን።»

በበቅሎ ሄዱ። ጎሬ ያን ጊዜ የግሪክና የአርመን ነጋዴ የሞላበት ከተማ ነበር። ቡናው ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ጨርቁና ቆርቆሮው ከዚያ ይወጣል፤ መሣሪያው ደግሞ ለሚያውቁት ሰው በጓሮ በር ይሸጣል።

ሙሴ ያኒ የሚሉት ግሪክ ሦስት ሽጉጥ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። የሦስቱም ጥይት መያዣ የሚሽከረከር ነው። አንዱ አፈሙዘ ረጅም፣ ከባድ ነው። ሁለተኛው በብር የተለበጠ፣ ለዓይን የሚያምር። ሦስተኛዋ ግን ከመዳፍ የማታልፍ ትንሽ ነገር ነች፤ ከልብስ የሚጠላለፍ አንዳች የወጣ ብረት የላትም።

ጥሩአየሁ ረጅሙን አነሣች። ክብደቱ እጇን ዝቅ አደረገው።

«ይኸ ከደጄ እስከ አጥሬ ይደርሳል?»

«ከአጥርም ያልፋል» አለ ሙሴ ያኒ።

«እንግዲያው ይኸ ይሁንልኝ። ግቢዬ ከመግባቱ በፊት ነው የምፈልገው።»

ገብረ መድኅን ራሱን ነቀነቀ። ስለ መሣሪያ ሲናገር ደስ ይለዋል።

«ረጅም መሣሪያ ለድንገት አይሆንም። ወንድሜንስ ምን አገኘው? ጠመንጃውን ከትከሻው አወርዳለሁ ሲል ማንገቻው ከቡሉኮው ጋር ተጠላለፈበት። ያችን ታህል ብትዘገዪ አለቀልሽ።»

ጥሩአየሁ ሽጉጡን ቀስ ብላ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ገብረ መድኅን፣ ባሏን ማንሣቴ ሆዷን አባባው ብሎ ተጸጸተ። ከዚያ ትንሿን አነሣች።

«ይቺስ ከምን ያህል ርቀት ትገድላለች?»

«እሷማ ማዕድ አብሮሽ ለሚቀርብ ሰው ነች» አለ ነጋዴው። «ከዚያ ከራቀ እግዜር ያውቃል።»

«እሷን ስጡኝ።»

ገብረ መድኅን አልወደደውም። ዳምጤ ምን ሲሆን ይህን ያህል ይቀርባታል? መንገዱን ሁሉ ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ መጣ፤ መቱ ሊገቡ ሲሉ ግን ፊቱ ፈታ አለ። ለማስታረቅ ሽማግሌ አለ። በዕርቅ ጊዜ ወንዱ ሁሉ መሣሪያውን ከአጥር ውጭ ያስቀምጣል፤ ሴት ግን የሚፈትሻት የለም። ዳምጤ ቢሞት ድንበሩ ይጠራል። ገዳይቱም ብትታሰር መሬቱ ወራሽ አያጣም።

ከቤቷ ጓሮ ወስዶ በኮባ ግንድ ላይ አስተማራት።

«ሆዱን ነው የምትመቺው፤ ደረት አጥንት አለው። አስጠግተሽ።»

ተኮሰች። ግንዱን ቀርባ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ሰው ሲመታ ይናገራል ጋሼ?»

«አንዳንዱ የገዛ ወገኑን ስም ይጠራል» አለ ገብረ መድኅን። ቀና ብሎ አላያትም።

ሽማግሌዎቹን ራሱ ገብረ መድኅን ለመነ። መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያባራ በጥሩአየሁ ግቢ ዋንዛው ሥር ተሰበሰቡ፤ አውራው ባላምባራስ አምባዬ ነበሩ። ጠመንጃው ሁሉ ከበር ውጭ ተደገፈ። ዳምጤ ከስቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ መጣ።

«ልጄ፣ የምትይው አለሽ?» አሏት ባላምባራስ።

«የእናቴ ልጅ የለኝም» አለች ጥሩአየሁ። «ጋሼ ገብረ መድኅን አጠገቤ ይቀመጡልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ደግ ነገር ነው አሉ። ገብረ መድኅን ጋቢውን ሰብስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡት ቄስ መስቀላቸውን አወጡ። ዳምጤ ከፊታቸው ተንበረከከ።

«የወንድይራድ ደም በእኔ የለም» አለ። «ተጣልተናል፤ ዝቻለሁ፤ አልገደልኩም።»

መስቀሉን ሊሳለም አጎነበሰ።

«አሁን» አለ ገብረ መድኅን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«እሺ ጋሼ» አለች ጥሩአየሁ፤ ሽጉጧንም ከኩታዋ ሥር አውጥታ በገብረ መድኅን ሆድ ላይ አስጠጋችው።