የማዳም ናዚክ ለቅሶ

ፊልሙ ላይ ወፍራሙ ፓሻ በሩን በርግዶ ሲገባ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ሁሉም ባንድ አፍ፣ “አላህ ይዘንለት!” አለ።

የአንፉሺ፣ የእስክንድርያው የባሕር ዳር ሰፈር ሰው አሮጌ ፊልም የሚያየው እንዲህ ነው። የሞተ ተዋናይ ብቅ ባለ ቁጥር ምሕረት ሳይለምንለት አያልፍም። ሙስሊሙ አላህ ይዘንለት ይላል፣ ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር ይላል፣ ወዲያው የሐብሐብ ፍሬውን መፈልፈል ይቀጥላል። ፊልሙ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ ማን ቀርቶ! ራውያ በሰፈሩ ማኅበር አዳራሽ ዓርብ ዓርብ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ፊልም ማሳየትና እንግዳ እየጋበዘች ማወያየት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ሰሞን “ፊልም ቤት ነው ለቅሶ ቤት?” እያለች ትቀልድባቸው ነበር። አሁን ከሁሉ ቀድማ የምትለው እሷው ሆናለች።

ዛሬ ከጎኗ፣ ከፊተኛው ረድፍ ጥግ ላይ፣ ናዚክ ሸሪን ተቀምጠዋል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በፊልሙ ውስጥ የፓሻው ቤት ሠራተኛ ሆነው የተጫወቱት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው በሕይወት የቀሩትም እሳቸው ብቻ። ከካይሮ ድረስ በባቡር ያመጣቻቸው ራውያ ናት። ሦስት ጊዜ እምቢ ብለዋት ነበር።

“ልጄ፣ እኔን ማን ያስታውሰኛል? ዘመድ አልቀረኝ፣ ልጅ አልወለድኩ። ስልኬ የሚጮኸው ሰው ቁጥር ሲሳሳት ነው” ቢሏት፣ “ማዳም፣ እዚህ ሰፈር እርስዎን የረሳ ካለ እኔ ራውያ አይደለሁም!” ብላ ነው ያግባባቻቸው። በማስታወቂያው ላይ ስማቸውን ያልጻፈችውም ሆን ብላ ነው። መብራቱ ሲበራ ሕዝቡን ጉድ ልታሰኝ ፈልጋ።

ናዚክ በክርናቸው ጎሰም አደረጓት። “አሁን እገባለሁ” አሉ በሹክሹክታ። “ትሪ ይዤ።”

ልጅቷ ትሪዋን ይዛ ገባች። በሩን በዳሌዋ መለስ አድርጋ፣ ፓሻውን ከላይ እስከ ታች ገላመጠችው።

“አላህ ይዘንላት!” አለ አዳራሹ።

ራውያም አብራ አለች።

አፏ ያወጣውን ጆሮዋ የሰማው ዘግይቶ ነው። ወደ ናዚክ ዞረች። “ማዳም... ልማድ ሆኖብኝ... ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!”

“አሚን” አሉ ናዚክ፣ ዓይናቸውን ከፊልሙ መጋረጃ ሳይነቅሉ።

ከኋላቸው አንዲት ወፈር ያሉ ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡ። “ዓይኗን እዩልኝ! እንዲህ ያለውን ዓይን አፈር በላው፣ አይ ዱንያ! በልጅነቴ ትሪ ይዤ እንደሷ እሄዳለሁ ብዬ የእናቴን ብርጭቆ ስንቱን ፈጀሁት።”

“አሁንማ ትሪው ራሱ እርስዎን አይችልም!” አላቸው አንዱ፤ ሰው ሳቀ። ናዚክም ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው ወረደ።

ራውያ ብድግ አለች። “ላስቁመው። አሁኑኑ ልንገራቸው።”

ናዚክ እጇን አፈፍ አደረጉ። “ተቀመጪ።”

“በሕይወት እንዳሉ ይወቁ እንጂ!”

“ቢያውቁ ያፍራሉ። ካፈሩ በኋላ ደግሞ ፊቴን አይተው ‘አይ ዕድሜ!’ ይላሉ። እኔ ስሞት ይቺን ምሕረት ማን ይለምንልኛል? የሕንጻው ዘበኛ? ተይኝ ልጄ፣ በጆሮዬ ልስማት። የሟች እህት ናቸው በያቸው።”

“እህት አለችዎት እንዴ?”

“የለችኝም። ዛሬ ትኑረኝ።”

መብራቱ ሲበራ ራውያ ማይክሮፎኑን ይዛ ቆመች። ለእነዚህ ሰዎች ዋሽታ አታውቅም። “እንግዳችን... የሟች እህት ናቸው” አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ሰዉ ለሟች ያዘነች መስሎት አብሯት አዘነ።

ናዚክ ስለ እህታቸው አወሩ። ፓሻውን የተጫወተው ሰውዬ ነጭ ሽንኩርት በልቶ እየመጣ እህታቸውን እንዴት ያስጨንቃት እንደነበር፣ ትሪውን አሥራ አንድ ጊዜ እንደጣለችና በአሥራ ሁለተኛው እንደተሳካላት ነገሯቸው። ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ ይመጣል ብላ ስልክ አጠገብ ቁጭ ትል እንደነበር ነገሯቸው።

“ከዚያስ?” አሉ ወፈር ያሉት ሴትዮ።

“ከዚያማ አልደወሉም።”

ያን ቀን ወደ በሩ የሄደ አልነበረም። ሁሉም ወንበሩን እያስጠጋ ተሰለፈ። ወንዶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሴቶቹ ጉንጭ እየሳሙ፣ “የእሷን ቀሪ ዕድሜ ለእርስዎ ያድርገው” አሉ፣ አንድ በአንድ። ናዚክ እንደ ሐዘንተኛ ወግ ቆመው ተቀበሉ። ራውያ ክርናቸውን ደግፋ ከጎናቸው ቆመች።

ባለብርጭቆዋ ሴትዮ መጨረሻ ላይ መጡ። አቅፈዋቸው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። “የት ነው ያረፈችው፣ እህቴ? ለዒድ የወላጆቼን መቃብር ልጎበኝ ስሄድ፣ ለእሷም መቃብሯ ላይ ዘንባባ ላድርግላት።”

ናዚክ ከሴትዮዋ እቅፍ ቀስ ብለው ወጡ።

“እኛ ጋ ናት” አለች ራውያ። “በቤተሰቤ መቃብር፣ ከእናቴ ጎን። እዚሁ እስክንድርያ።”

ናዚክ ዞረው አዩዋት። ቦታው ለእሳቸው መሆኑ ገባቸው። ከዚያ የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

“አዎ፣ ከዚች ልጅ እናት ጎን ናት” አሉ። “ዘንባባውን ለሁለቱም አድርጊላቸው።”