የተመነጠረው ዳርቻ

«ሌባ ብዬሽ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው! መረቤን ማን ያራግፈዋል ነው ያልኩት» ይላል ታናሽ ወንድም፣ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ።

«ተው አትማል፤ ሌባ ስትለኝ አሳ ገዢዎቹ ሁሉ ሰምተውሃል» ትላለች ታላቅ እህቱ። ቀና ብላም አታየው፤ ከሸምበቆው መሃል ወጥመዷን እየጎተተች ነው።

አባታቸው የሐይቁን ዳር እኩል ነው ያካፈላቸው። እሱ ታዲያ ድርሻው በደረሰው ዓመት ሸምበቆውን ከነሥሩ መነጠረው፤ መረብ ይቀድዳል፣ ጀልባ አያስጠጋም ብሎ። መቼም እጁ አያርፍም! እሷን «ሰነፍ፣ የጫካ እመቤት» እያለ ሲስቅባት ከረመ። ይኸው አሁን መረቡ ባዶውን መውጣት ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ፤ የእሷ ወጥመድ ግን ይሞላል። ልጆቹ ምን ይብሉ?

እህቱ ወንፊት አንስታ ከሸምበቆው ሥር ሰደድ አድርጋ ታወጣለች። «ና እይ።»

መሄድ አይፈልግም፤ ግን ይሄዳል።

ወንፊቱ ላይ ጥፍር የማያክሉ የአሳ ጫጩቶች ይርመሰመሳሉ። ቀንድ አውጣ አለ፣ የእንቁራሪት እንቁላል አለ፣ ስሙን የማያውቀው ባለብዙ እግር ነገርም አለ።

«በል የራስህን ሞክር።»

ወንፊቱን ይዞ ወደ ድርሻው ይሻገራል። አንዴ ይጨልፋል፣ ሁለቴ። ቦታ ቀይሮ ይደግማል። ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ የሚቀረው አሸዋ ብቻ ነው።

«የት ይደበቁ? ትልልቆቹስ እነዚህን ብለው አይደል የሚመጡት? ቤታቸውን አፍራሽ አንተ፣ ሌባዋ እኔ!»

«እትዬ…» ይላል። እፍረት ጆሮውን ያግለዋል።

«ዝም በልና ከሸምበቆዬ ዳር ዳሩን ነቅለህ ውሰድ። መሃሉን ብትነካ ግን ወየውልህ!»

ጥቂት ሥር ነቅሎ በራሱ ድርሻ አሸዋው ውስጥ ይተክላል። የመጀመሪያው ብቅ ብሎ ይንሳፈፋል። መልሶ ይተክለዋል፤ መልሶ ይንሳፈፋል። በሦስተኛው በሁለት እግሩ ይቆምበታል። እግሩን ቢያነሳ ሥሩ ሊነሳ፣ ሥሩን የሚጫንበት ድንጋይ ደግሞ ያለው እሷ ዘንድ ነው።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ ለገዢዎቹም እዚያው በአፌ እነግራቸዋለሁ» ይላል። «አሁን ግን ድንጋይ አቀብዪኝ።»

«ስትመነጥር ማንንም አልጠራህም!»

ወጥመዷን ታስቀምጣለች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ድንጋይ በሁለት እጇ ታቅፋ ወደ እሱ ውሃ ትገባለች።