የድድ ንቅሳት

ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ጥርሷን በፋቀች ቁጥር ድዷ ይደማል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አፏን አይታ፣ «አትደንግጪ፣ ከእርግዝናው ጋር የመጣ ነው፤ ከእርግዝናው ጋር ይሄዳል። በለስላሳ ብሩሽ አጽጂው እንጂ መርፌ እንዳታስነኪው» አለቻት።

አማቷ ግን፣ ነርስ ምን ታውቃለች ብለው ነቃሿን ወይዘሮ ይርገዱን ቤት ድረስ አስመጡ። ነቃሿ ጥላሸት በነካ መርፌ ድዷን ከዳር እስከ ዳር ወግተው አጠቆሩት። በማግስቱ ፊቷ አበጠ። ሳምንት ሙሉ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ አማቷ፣ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ ቻል አድርጊው» ይሏት ነበር።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቃት። ደጃፉ ላይ ቆማ ጥርሷን ፋቀች፤ በውሃ ተጉመጥምጣ ተፋች። ውሃው ንጹህ ነበር፤ ጠብታ ደም የለበትም።

«አላልኩሽም ልጄ? የይርገዱ እጅ እኮ ፈውስ ነው» አሉ አማቷ። ለጎረቤት ሊያወሩም ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ።

እሷ ነርሷ፣ «ከእርግዝናው ጋር ይሄዳል» ያለቻትን እያሰበች እዚያው ቆማ ቀረች። እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

ልጁ መራገጥ ካቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው።